ምላጭ ከመግዛታችሁ በፊት ከፍታችሁ መዝኑት

ጅማ ውስጥ፣ ከሂርማታ መርካቶ ብዙም ሳይርቅ ባለች ሦስት ወንበር ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። መቀስና ቶንዶስ ከያዝኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ጢም በምላጭ መላጨት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ የገባኝ ግን የሰው አንገት ከቆረጥኩ በኋላ ነው። አትደንግጡ፣ ሰውየው ዛሬም በሰላም አሉ፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። ይህን የምጽፈው ሙያውን ለምትጀምሩ ልጆችና ቤታችሁ በሚታጠፍ ምላጭ ለመላጨት ለምታስቡ ነው። የኔን ስህተት በራሳችሁ ቆዳ ላይ እንዳትደግሙት።

ስጀምር የነበረኝ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ርካሽ የምላጭ መያዣ ነበር። ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ምላጩን ከነወረቀቱ አጥፈህ ለሁለት ትሰብራለህ፣ ግማሹን ታስገባለህ፣ ደንበኛው ሲሄድ ትጥላለህ። በእጅህ ስትይዘው ምንም አይከብድም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሠራበት ደንበኛ አማርሮብኝ አያውቅም። ያስጠላኝ መልኩ ነበር። አጠገቤ ያለው ልጅ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ የሚያብረቀርቅ፣ ሁለንተናው ስቴንለስ የሆነ መያዣ ይዞ መጣ። ሲከፍተው «ቀጭ» ይላል። ደንበኛው በመስታወቱ ያየዋል። በቃ፣ ልቤ ተነሳ።

እኛ አገር ዕቃ የሚገዛው በክብደቱ ነው። ድስት ስንገዛ እናነሳለን፣ ቁልፍ ስንገዛ እናነሳለን፤ ከበድ ካለ «ይሄ ነው ዕቃ!» እንላለን። እኔም ሱቅ ገብቼ ያንኑ አደረግኩ። መያዣውን እንደታጠፈ መዳፌ ላይ አስቀምጬ ወደ ላይ ወደ ታች አልኩት፤ ከበደኝ፣ ወደድኩት፣ ከፈልኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው። ታጥፎ የሚላጭ ምላጭ የለም። እኔ ግን የመዘንኩት ታጥፎ ነበር።

ለሦስት ወር ያህል ሠራሁበት። ጉንጭ ላይ ችግር አልነበረውም፤ ጉንጭ ሜዳ ነው፣ ማንም ይላጨዋል። አገጭ ስር ስገባ ግን እጄ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆምም። ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ያመኛል። ማታ የቡና ስኒ ሳነሳ ጣቴ ይንቀጠቀጣል። ጥፋቱን በምላጩ ማርክ አሳበብኩ፤ ቀየርኩ። በሳሙናው አሳበብኩ፤ ቀየርኩ። በአምፖሉ ሳይቀር አሳብቤያለሁ።

ከዚያ የኢድ ዋዜማ መጣ። ጅማን የሚያውቅ የዚያን ቀን ፀጉር ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሰው እስከ በሩ ቆሟል፣ ልጆች አባታቸው ጉልበት ላይ ተቀምጠዋል፣ ማንም ምሳ አልበላም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ አንድ አባት ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። የዘወትር ደንበኛ ናቸው። ጢማቸውን ዙሪያውን አስተካክዬ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ አስደግፌ፣ ከጉሮሮ ወደ አገጭ ስወጣ እጀታው ወደ ኋላ ወደቀ። ከእጄ አላመለጠም። እዚያው ጣቶቼ መካከል እንዳለ ዘንበል አለ፣ ስለቱም አብሮት ዞረ። የአንድ ጥፍር ርዝመት ያህል ቆረጥኳቸው። ጥልቅ አልነበረም፤ ግን አንገት ነውና ደሙ ነጩን ፎጣ ሞላው። «ቢስሚላህ» ብለው ዝም አሉ። እኔ ስርበተበት እሳቸው ናቸው ፎጣውን ተቀብለው የያዙት። ሒሳብ አልቀበልም ብል «ልጄ፣ ደክሞሃል፤ ተቀመጥ» ብለው ከፍለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልመጡም። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላጭ እንዳልይዝ ከለከለኝ። አልፈረድኩበትም። ሁለት ወር ያህል ቶንዶስ ብቻ ይዤ ቆየሁ።

ነገሩን የፈታልኝ ድሮ በሚታጠፍ ምላጭ የሠሩ፣ አሁን እጃቸው የደከመ አንድ ጋሼ ናቸው። ሻይ ቤት ተቀምጠን ታሪኩን ስነግራቸው «አምጣው እስቲ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። «ክፈተው» አሉ። እጀታውና ስለቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር እስኪሆኑ ከፈትኩት። አመልካች ጣታቸውን ሁለቱ በሚጋጠሙበት ሚስማር ስር አደረጉና ለቀቁት። እጀታው ወዲያው ጠረጴዛውን መታ። «አየህ? ይሄ ምላጭ ጅራቱ ከአፉ ይከብዳል። እጀታው ለጣትህ አይደለም የተሠራው፤ ለስለቱ ነው» አሉኝ።

እስቲ የራሳችሁን ምላጭ አንሱና ጣቶቻችሁ የት እንዳሉ እዩ። በሚታጠፍ ምላጭ ስንላጭ እጀታውን አንይዝም። አውራ ጣት ከስር፣ ሦስት ጣቶች ከላይ ሆነው የሚይዙት በስለቱና በሚስማሩ መካከል ያለውን አንገት ነው። ትንሿ ጣት የስለቱ ጅራት ላይ፣ ማለትም ከሚስማሩ አልፎ በወጣው ጫፍ ላይ ታርፋለች። እጀታው ደግሞ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መካከል አልፎ ወደ ላይ ይቆማል። ሥራው ሁለት ነው፦ ሲታጠፍ ስለቱን መሸፈን፣ ሲከፈት ስለቱን ማመዛዘን። ሚዛኑ ሚስማሩ ላይ ወይም ከሚስማሩ ትንሽ ወደ ስለቱ ገባ ብሎ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ያኔ ጣቶችህ ይመራሉ እንጂ አይሸከሙም።

ወርቅ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ በእሱ ሚዛን ዕቃዬን መዘንኩት። ሙሉው ስቴንለስ 68 ግራም ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 42ቱ እጀታው ብቻ። የሚዛኑ ነጥብ ከሚስማሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወርዷል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ምንም አይመስልም። ግን እጀታው ወደ ላይ ታጥፎ ሲቆም ለስለቱ እንደ መጠምዘዣ ነው። ምላጭ ቆዳ ላይ የሚተኛው 30 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ነው፤ ከዚያ በጣም ከተነሳ ይቆርጣል፣ በጣም ከተኛ ፀጉሩን ይጎትታል። ከባድ እጀታ ዘንበል ባለ ቁጥር ያንን ማዕዘን ሊቀይረው ይታገላል፣ አውራ ጣትህም ቀኑን ሙሉ ሲታገለው ይውላል። አገጭ ስር ደግሞ እጅ የሚገባው ተገልብጦ ስለሆነ ትግሉ እጥፍ ነው። ያመመኝ እዚያ ነበር፣ የቆረጥኩትም እዚያ።

ስለዚህ የጣቱን ፈተና ስታደርጉ በአንዱ አታቁሙ። ቀጥ አድርጋችሁ መዝኑ፤ ከዚያ እጀታውን ወደ ላይ አጥፋችሁ በትክክል እንደሚያዘው ያዙና እጃችሁን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ገልብጡት። እጀታው ሊጎትታችሁ ከሞከረ መልሳችሁ ስጡ። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ።

ለደንበኛ አሁን የምጠቀመው የአሉሚኒየም እጀታ ያለውን ነው። አሉሚኒየም ከብረት ሲነጻጸር ክብደቱ ሲሶው ብቻ ነው፣ በአልኮልም ይጠረጋል። ስቴንለስ ካልሆነ አይሆንልኝም የሚል እጀታው መሐል ለመሐል የተቦረቦረውን ይፈልግ፤ ያ ይሻላል። አሉሚኒየሙን ግን በረኪና ውስጥ እንዳትነክሩት። የመጀመሪያውን አሉሚኒየም አንድ ሌሊት በረኪና ውስጥ አሳድሬው ጠዋት ጠቁሮ፣ ተበልቶ አገኘሁት። 70 በመቶ አልኮል ይበቃል።

እንጨትና ቀንድ ለደንበኛ አላደርግም። ደምና ሳሙና ይመጥጣሉ፣ በደንብ አይጸዱም። ግማሽ ምላጭ የማይቀየርበትን ሙሉውን የሚታጠፍ ምላጭ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ማዞር ፈጽሞ አይሆንም። ኤች አይ ቪም የጉበት ቫይረስም በደም ነው የሚተላለፉት። ከዚህ በታች የማወራው ስለ ራሴ ምላጭ ነው፤ ከኔ ፊት ሌላ ፊት አይነካም።

ጋሼ ያንን ቀን ሳንለያይ «እጄ ከእንግዲህ አይይዘውም» ብለው የራሳቸውን ምላጭ ሰጡኝ። አንገቱ ላይ ዞሊንገን የሚል ጽሑፍ አለው፤ በስለቱ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት። ስፋቱ አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሆዱ ስለተቦረቦረ ቀጭንና ቀላል ነው። እጀታው የዔሊ ልብስ የመሰለ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረው፤ ለእኔ ፕላስቲክ ነው። ጠረግኩት፣ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ለክፉ ቀን ብዬ።

ከሁለት ወር በኋላ ስከፍተው ስለቱ ላይ ልክ እጀታው የሚሸፍነው ቦታ ዝጓል። ከእጀታው ውጪ ያለው አንገት ንጹሕ ነው። እርጥበት መሰለኝ፤ ጅማ ነው፣ ክረምት ነው፣ እንኳን ምላጭ ጫማም ይሻግታል። ዝገቱን አጽድቼ፣ ዘይት ቀብቼ መለስኩት። ደግሞ ዛገ። አጠገቡ ያስቀመጥኩት መቀስ ሳይቀር መዛግ ጀመረ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እጀታው ሴሉሎይድ ነው። ሴሉሎይድ ከጥጥ፣ ከአሲድና ከካምፎር የተሠራ የጥንት ፕላስቲክ ሲሆን ሲያረጅ መበስበስ ይጀምራል፣ ሲበሰብስ ደግሞ አሲድ ያለው ጋዝ ይለቃል። ስለቱን የሚበላው ያ ጋዝ ነው። የድሮ ምላጭ ከአያት ወይም ከቆየ ዕቃ ሻጭ ካገኛችሁ እጀታውን በአውራ ጣታችሁ እስኪሞቅ እሹትና አሽትቱት። ጉንፋን ሲይዘን ደረት ላይ የምንቀባውን፣ ካምፎር ያለበትን ቅባት ከሸተተ ሴሉሎይድ ነው። ጤነኛ ከሆነ ይሠራል፤ ከተሰነጣጠቀ፣ ካላበው ወይም ስለቱ ደጋግሞ እዚያው ከዛገ አውልቁት። ከሌላ ምላጭ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። በክብሪት ልፈትነው ብላችሁ ደግሞ ቤት እንዳታቃጥሉ፤ እንደ ቤንዚን ነው የሚነሳው።

አዲስ እጀታ ፍለጋ በርጩማ ወደሚፈለፍሉ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፤ እንጨት ከዚህ ሌላ የት ይጠየቃል? ምላጩን ሳሳያቸው ሳቁብኝ። «ለዚህች ቅጠል?» አሉ። ከዋንዛ ሁለት ስስ ቁራጭ አወጡልኝ። ጎን ለጎን አድርጌ ጫፉ ላይ የእንጨት ሽብልቅ ጨምሬ ሰካሁት። አማረ። ጣቴ ላይ ሳደርገው ግን አሁን በተቃራኒው ሆነ፤ ስለቱ ወደ ፊት ተደፋ። ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው፣ እጀታው ከስምንት ግራም አልበለጠም። የሚዛኑ ነጥብ ከሚስማሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ስለቱ ሄደ። ይህ እንደ ስቴንለሱ አይቆርጥም፤ ግን ጫፉ ይቸኩላል። አፍንጫ ስር ስትደርስ ጫፉ ካሰብከው በላይ ይጫናል።

ሁለተኛው ወይራ ነው። ወይራ ጠጣርና ከባድ ነው፣ ውኃ ውስጥ ሊሰምጥ ምንም አይቀረው። ሽማግሌው ከቆሻሻ ክምራቸው አንድ ጉማጅ ሰጡኝ። ሚዛኑ ሊደርስልኝ ትንሽ ቀረው። የኔ ጥፋት ቸኮልኩ፤ እንጨቱ አልደረቀም ነበር። ክረምቱን ቀጥ ብሎ ቆየ። ጥር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ከእጀታው ሁለት ገጾች አንደኛው እንደ ቅጠል ተቆለመመ። አንድ ጠዋት ተላጭቼ ሳጥፈው «ጭር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስለቱ እጀታውን ነክቶ ጫፉ ተሸረፈ። የቆዳ ቀበቶ ላይ በማፋጨት የሚመለስ አልነበረም፣ ድንጋይ ላይ እንደገና መሳል ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ሳጥፍ ዓይኔ ከላይ ነው። ስለቱ በሁለቱ ገጾች መሐል በትክክል መውረድ አለበት፤ ወደ አንዱ ካዘነበለ አይታጠፍም፣ ይታረማል።

ሦስተኛውን ከአሮጌ የወይራ መጥረቢያ እጀታ አወጣሁት። ዓመታት የደረቀ ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ተውኩ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ የተልባ ዘይት ስስ አድርጌ ቀባሁት፤ አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ ቀናት እየጠበቅኩ። የውስጡን ገጽም ቀቡ፤ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊሞቅና ሊነድ ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሚዛኑን የጨረሰልኝ ሽብልቁ ነው። በእጀታው ጫፍ ላይ በሁለቱ ገጾች መካከል የምትገባ ትንሽ ነገር ናት፤ ከሚስማሩ ሩቅ ስለሆነች አራት ግራሟ እንደ ብዙ ትመዝናለች። ከእንጨት ፈንታ ከነሐስ ሠራኋት። የድሮ ሰዎች እርሳስ ይጠቀሙ ነበር፤ እኔ መርዝ በእጄ አልሞርድም ብዬ ተውኩት። ሽብልቋን ጥቂት ሞረድ፣ ጣቴ ላይ፣ ደግሞ ሞረድ፣ ጣቴ ላይ፤ ሚዛኑ ከሚስማሩ ጥፍር ታህል ወደ ስለቱ እስኪያርፍ ድረስ። እዚያ ላይ አቆምኩ። የናንተ ስለት ሰፊ ወይም ወፍራም ከሆነ ከዚህ የከበደ ይፈልጋል፤ በስለት ልክ ነው እጀታ የሚሰፋው።

ሚስማር በተራ የብረት ምስማር አትተኩ። የኔ ዛገና ቡናማ መስመር በእንጨቱ ላይ ተወ። ብየዳ ቤት ሂዱና ለነሐስ ብየዳ የሚሆነውን ቀጭን ዘንግ አንድ ስንዝር ጠይቁ። ጫፉን በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱ። በኃይል መትቼ አንዱን ገጽ ከሚስማሩ ቀዳዳ ጀምሮ ሰንጥቄዋለሁ። ጥብቀቱ ትክክል የሚሆነው እጀታውን ያቆማችሁበት ቦታ ላይ ሲቆም፣ ሆኖም በአንድ እጅ ሲከፈት ነው። የሚወዛወዝ እጀታ ሚዛኑ ቢስተካከልም ዋጋ የለውም።

ቀንድም ሞክሬያለሁ። ከዋንጫ ሠሪ የተገዛ የበሬ ቀንድ፣ በሙቀት ተለሳልሶ የተዘረጋ። በእጅ ለሚሰማ ነገር እንደ ቀንድ ያለ የለም፤ ይሞቃል፣ አይንሸራተትም፣ ክብደቱም ከወይራ ትንሽ ከፍ ይላል። ግን እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ብል ይበላዋል። በየጊዜው ዘይት ካልቀባችሁት አትጀምሩት። አክሪሊክ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ደግሞ በተቃራኒው ምንም አይፈልግም፤ ውኃም አይጎዳውም። ለጀማሪ ክብር የለውም ብላችሁ አትናቁት።

ሳሙና በነካ ጣት ግን የትኛውም እጀታ አያድንም፤ የምትይዙት አንገቱን ነውና። ጎኔ ደረቅ ፎጣ አንጠለጥላለሁ። ነጩን የደም ማቆሚያ ድንጋይ አርጥቤ ጣቶቼን አሽበታለሁ፤ ሲደርቅ ይይዛል። ስጨርስ ምላጩን በቧንቧ ስር አልነክርም፤ ስለቱን ብቻ እጠርጋለሁ፣ በእጀታው መሐል ሶፍት አሳልፋለሁ፣ ሚስማሩ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ለጥቂት ሰዓት ተከፍቶ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን አንድ ቀን የዘለለ ሰው በማግስቱ ዝገት ያያል።

በዓመቱ የኢድ ዋዜማ እኚያ አባት መጡ። ሦስቱም ወንበር ተይዞ ነበር፤ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ ሌላኛው ልጅ «ወደዚህ» ቢላቸው በእጃቸው ከልክለው ወደ እኔ መጡ። አንገታቸው ላይ ያለችውን ቀጭን ነጭ መስመር ሳይ እጄ ቀዘቀዘ። «የቱ ነው ዛሬ?» አሉኝ። አሉሚኒየሙን አሳየኋቸው። ተቀበሉኝ፣ ከፈቱት፣ እንዴት እንደሚመዘን ጠየቁኝ፣ ጣታቸው ላይ አስቀመጡት። ወዲያና ወዲህ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

«ያኛውንስ ምን አደረግኸው?»

ወደ መስኮቱ ጠቆምኳቸው። የዱቤ ደብተራችን ወረቀት ንፋስ እንዳይወስደው ላዩ ላይ ተጋድሟል። ሳቁ፤ አንገታቸውንም ወደ ኋላ አስደገፉልኝ።